አሥራ ሁለቱ ቃላትና የባለቤትነት ኃላፊነት

በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከአሰላ እስከ በቆጂ በተዘረጋው የስንዴና የገብስ ምድር፣ አዝመራው ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ በሚገባበት ወቅት አርሶ አደሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለየው የሚበላውን ወይም የሚሸጠውን ሳይሆን ለከርሞ የሚዘራውን ነው። ዘሩ ከቀለቡ ጋር አይቀላቀልም፤ እርጥበት በማያገኘው፣ ነቀዝ በማይደፍረው ስፍራ ለብቻው ይቀመጣል፤ ክፉ ቀን ቢመጣ እንኳ ቤተሰቡ ዘሩን ከመንካቱ በፊት ሌላውን መላ ሁሉ ይሞክራል። ይህን ሥርዓት ማንም መሥሪያ ቤት በመመሪያ አላወጣውም። ዘሩን የበላ ገበሬ ሰኔ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ትውልድ እያየ ያጸናው ልማድ ነው።

በዚሁ ምድር ዛሬ ልጆቹ በእጃቸው የያዙት ሌላ ዘር አለ። የክሪፕቶ ገንዘብ የሚጠበቅበት ዋሌት በስልክ ላይ ሲከፈት መተግበሪያው ለባለቤቱ 12 ወይም 24 ቃላት በተራ ቁጥር ደርድሮ ያሳየዋል፤ ስልኩ ቢጠፋ፣ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ገንዘቡን በሌላ ስልክ ላይ መልሶ ለማግኘት የሚያስችሉት እነዚህ ቃላት ብቻ ናቸው። እኛ የመመለሻ ቃላት ልንላቸው መርጠናል፤ ወጣቶቹ «ሲድ ፍሬዝ» ይሏቸዋል። «ሲድ» ማለት ዘር ነውና ስያሜው ለአርሲ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። እንግዳ የሆነው አያያዙ ነው። አባቶች ለአንድ ቁና ዘር ያደረጉትን ጥንቃቄ፣ ልጆች የወራት ድካማቸውን፣ አንዳንዴም በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታቸውን የዓመታት ላብ ለያዙት ቃላት ሲነፍጉ ማየት ይህ ጋዜጣ በዝምታ ሊያልፈው የማይገባ ጉዳይ ሆኗል።

ነገሩ ወደ ደጋው እንዴት እንደ ደረሰ ለመናገር ብዙ መተረክ አያሻም። በ2016 ዓ.ም. ኖትኮይን፣ ቀጥሎም ሃምስተር ኮምባት የተባሉት የቴሌግራም ጨዋታዎች በመላ አገሪቱ የወጣቱን ጣት ከስልክ መስታወት ጋር አጣብቀውት ነበር፤ የደረሳቸውን ሳንቲም ለመቀበል ሲሉ ብዙዎች በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነውን ዋሌት የከፈቱት ያን ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ የቁጠባው ዋጋ ሲሸረሸር ያየ ሰውም ዋጋቸው ከዶላር ጋር ወደ ታሰረ፣ ዩኤስዲቲን ወደ መሰሉ ሳንቲሞች ፊቱን አዞረ። ቼይናሊሲስ የተባለው የብሎክቼይን ጥናት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በኢትዮጵያ የእነዚህ ሳንቲሞች አነስተኛ ዝውውር በአንድ ዓመት 180 በመቶ ማደጉን ገልጿል።

ሕጉ የቆመበት ስፍራም ይታወቃል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ መክፈል ያልተፈቀደ መሆኑን ለሕዝብ አሳስቧል፤ በዚያው ዓመት ክረምት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ የተሰማሩ አካላት እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቁጥራቸው 21 ለደረሰ፣ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና ለሆኑ የቢትኮይን ማይኒንግ ኩባንያዎች ኃይል ለመሸጥ ተዋውሏል። ይህ ርዕሰ አንቀጽ ማንንም ግዛ አይልም፤ የብሔራዊ ባንኩን ማሳሰቢያም አያቃልልም። ይሁን እንጂ ንብረቱ አስቀድሞ በሰዎች እጅ ገብቷል፤ በእጅ ስለ ገባ ንብረት አጠባበቅ መናገርም ንብረቱን ከማወደስ የተለየ ተግባር ነው።

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። የባንክ ደብተሩ የጠፋበት ሰው መታወቂያውን ይዞ ወደ ቅርንጫፉ ቢሄድ ይተካለታል፤ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሩን የረሳ ሰው ማንነቱን አረጋግጦ አዲስ ያወጣል፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩ በእሳት የተቃጠለበት አርሶ አደር ስሙ በወረዳው መዝገብ ሰፍሯል፣ ድንበርተኞቹም ይመሰክሩለታል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ንብረቱን ከባለቤቱ ጋር የሚያስተሳስር ሦስተኛ ወገን አለ፤ ወረቀት ቢጠፋ ሰው ይቀራል፣ ሰው ቢዘነጋ መዝገብ ይቀራል። የዋሌት መዝገብ ግን ስም አያውቅም። ቃላቱን የያዘ እርሱ ባለቤት ነው፤ ቃላቱን ያጣ ሰው፣ ገንዘቡን በላቡ ያገኘው ቢሆንም፣ ባለቤትነቱ በዚያች ሰዓት አብቅቷል። ዋሌቱን የሠራው ኩባንያ ቃላቱን አያውቃቸውም፣ ሊያውቃቸውም አይገባም፤ ፍርድ ቤት «የእርሱ ነው» ብሎ ቢወስን እንኳ ቃላቱ ከሌሉ ውሳኔውን የሚፈጽም እጅ አይገኝም።

ቃላቱ የሚመረጡት እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣና 2,048 ቃላት ካሉት የጋራ ዝርዝር ውስጥ በዕጣ ነው። ከዚህ ዝርዝር በ12 ቃላት ሊሠሩ የሚችሉት ትክክለኛ ቅንብሮች ብዛት 39 አኃዝ ባለው ቁጥር የሚጻፍ በመሆኑ፣ የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ቢተባበሩ እንኳ የአንድን ሰው ቃላት ገምተው አይደርሱባቸውም። እንግዲህ በሩ ከውጭ የሚሰበር አይደለም። ቃላቱ ወደ ሌላ ሰው እጅ የሚገቡት ባለቤቱ ራሱ አሳልፎ ስለ ሰጣቸው ወይም በማይገባ ስፍራ ስላስቀመጣቸው ነው፤ የኃላፊነቱ ሸክም ከባለቤቱ ትከሻ ላይ የማይወርደውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጥፋትን ክብደት ለመገንዘብ ለሚሻ ሰው የዌልሱ ጄምስ ሃውልስ ታሪክ ይበቃዋል። በኒውፖርት ከተማ የሚኖረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 8,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ቁልፍ የያዘው የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ከቆሻሻ ጋር ተጣለበት። የከተማውን የቆሻሻ መጣያ ለመቆፈር ከአሥር ዓመት በላይ ፈቃድ ሲጠይቅ ቆይቶ በጥር 2017 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። ሀብቱን ማንም አልዘረፈውም። ዛሬም የቢትኮይን መዝገብ ለሚያነብ ሁሉ በይፋ ይታያል፤ የሚከፍተው ቁልፍ ግን ከአፈር በታች ነው፣ ሌላ ቅጂም አልነበረውም።

ሃውልስ ያጣው ቅጂ ባለማስቀመጡ ነው። በእኛ ከተሞች የሚታየው አደጋ ግን በአብዛኛው ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቅጂው አለ፣ ያለው ግን በማይገባው ስፍራ ነው። ዋሌት የከፈተ ወጣት ቃላቱ በስልኩ ገጽ ላይ ሲታዩ እስክሪብቶ ከመፈለግ ይልቅ የገጹን ፎቶ ያነሳል፤ ወይም ቃላቱን ገልብጦ በቴሌግራም ለራሱ ይልካቸዋል፤ የትምህርት ማስረጃው፣ የመታወቂያው ፎቶና የፈተና ጥያቄው ሁሉ የሚቀመጡት እዚያ ነውና። በዚህ ውስጥ ያለው ስሕተት ለብዙዎች ስሕተት መስሎ አይታይም። የስልክ ፎቶ በስልኩ ብቻ አይቀርም፤ ስልኩ እንደ ተስተካከለለት ወደ ጉግል ማከማቻ ይገለበጣል፣ የባለቤቱን የጉግል አካውንት የከፈተ ሰው ሁሉ ያየዋል። የቴሌግራም አካውንት ደግሞ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ካልተበጀለት በቀር ወደ ስልክ ቁጥሩ በሚላክ ኮድ ሊከፈት ስለሚችል ሲም ካርዱን በእጁ ያስገባ ሌባ ቃላቱንም አብሮ ያስገባል። ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ በ2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ስፓርክካት የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከጉግል ፕሌይና ከአፕ ስቶር በወረዱ መተግበሪያዎች ውስጥ ተሸሽጎ የሰዎችን ፎቶ አንድ በአንድ የሚያነብብ፣ በፎቶ የተነሱ የመመለሻ ቃላትን ለይቶ ለጌቶቹ የሚልክ ነበር። ፎቶ ማንሳት ማስቀመጥ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በር የሰው እጅ ነው። ስልኩ የተበላሸበት ሰው ከነመክፈቻ ቁጥሩ ለጠጋኝ ይሰጣል፤ ዋሌት መክፈት ያልቻለ ሰው ወደ ሞባይል ቤት ጎራ ብሎ «ክፈትልኝ» ይላል፤ ከፋቹም ቃላቱን በራሱ ደብተር ጽፎ ወይም በራሱ ስልክ አንስቶ «እኔ ጋር ይቀመጥልህ» ቢለው እንደ ውለታ ይቆጥርለታል። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ሐቀኞች መሆናቸውን አንጠራጠርም። ነገር ግን የሐቀኛ ሰው ደብተርም ይሰረቃል፣ የሐቀኛ ሰው ስልክም ለሌላ ይሸጣል፤ ቃላቱን ያየ ሁለተኛ ሰው ካለ የዋሌቱ ባለቤት ሁለት ሆኗል፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚያወጣው ማን እንደሚሆን የሚወስን ዳኛም የለም። በቴሌግራም ቻናሎች «የደንበኞች አገልግሎት ነን፣ ችግርህን እንድንፈታልህ ቃላትህን ላክልን» የሚሉትማ ስለ እነርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቃላቱን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፤ ለዚህ ደንብ ከዋሌት ኩባንያ እስከ ቅርብ ዘመድ ድረስ አንድም የተለየ ሁኔታ የለም።

ስለ ቋንቋም ልንናገር ይገባል፤ በእኛ አገር የሚያጋጥም ወጥመድ አለበትና። የቃላቱ ዝርዝር በዘጠኝ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ሲሆን አማርኛም ኦሮምኛም አልገቡበትም፤ ዋሌቶቹ በተግባር የሚሰጡትም የእንግሊዝኛውን ነው። እንግሊዝኛው ያልቀናው ሰው፣ በተለይም ልጆቹ የከፈቱለት አባት ወይም እናት፣ ቃላቱን እንደ ሰማቸው በፊደላችን መጻፍ ይቀልላቸዋል። ይህ ግን ቅጂውን ዋጋ ያሳጣዋል። በዝርዝሩ ውስጥ «ቀኝ» ወይም «ትክክል» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ቃል አለ፤ «መጻፍ» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ቃልም አለ፤ ሁለቱም በእኛ ፊደል ሲጻፉ «ራይት» ናቸው። ከዓመታት በኋላ ያን ወረቀት የሚያነብ ልጅ የትኛው እንደ ሆነ በምን ያውቃል? ተርጉሞ መጻፍማ ከዚህም የባሰ ነው። ቃላቱ መጻፍ ያለባቸው በላቲን ፊደል፣ በትልልቁና በማይያያዘው አጻጻፍ፣ እያንዳንዱ ከተራ ቁጥሩ ጋር ነው። የተራ ቁጥሩ ነገር በቀላሉ እንዳይታይ፤ በሁለት ዓምድ የተጻፉ 12 ቃላት ወደ ጎን ይነበቡ ወይስ ወደ ታች የሚለው ጥያቄ ብቻውን ባለቤቱ ያልሆነን ወራሽ ግራ ያጋባል። የእንግሊዝኛው ዝርዝር ሲዘጋጅ ማንኛውም ቃል በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ከሌላው እንዲለይ ተደርጓልና መጨረሻው የደበዘዘ ቃል አያስደነግጥም፤ መጀመሪያው ከደበዘዘ ግን አደጋ አለ።

ብልሃት የሚመስሉ፣ ጥበቃ ያልሆኑ ልማዶችም አሉ። አንዳንዱ የቃላቱን ቅደም ተከተል ያፋልስና ትክክለኛውን በልቡ ይይዛል። የ12 ቃላት ቅደም ተከተል ሊለዋወጥ የሚችለው በ479,001,600 መንገዶች ነው፤ ቁጥሩ ለሰው ብዙ ይመስላል፣ ለኮምፒውተር ግን ምንም አይደለም፤ ቃላቱ በውስጣቸው የራሳቸውን ትክክለኛነት የሚፈትሽ ምልክት ስላላቸው ከእነዚህ መካከል 30 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት ብቻ ናቸው መሞከር የሚያሻቸው። ሌላው አንዱን ቃል ብቻ ነጥሎ ይደብቃል፤ ስፍራው ከታወቀ የጎደለውን ለማግኘት 2,048 ሙከራ በቂ ነው። ስድስቱን እዚህ ስድስቱን እዚያ አድርጎ የከፈለ ደግሞ ጥበቃውን ያጠናከረ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱ ቢጠፋ ሁሉም እንዲጠፋ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብልሃት ሌባውን ብዙም አያደክመውም፤ ባለቤቱ ሲያረጅ ወይም ሲታመም፣ ወይም የባለቤቱ ልጆች ሲያዝኑ፣ በራሳቸው ላይ የተዘጋ በር ሆኖ ያገኙታል። ምስጢርን የመክፈል ትክክለኛ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1979 በአዲ ሻሚር የተቀመረ ሲሆን በዚያ ስሌት ከሦስት ድርሻ ሁለቱ የተገኙለት ሰው ሙሉውን ያገኛል፣ አንዱን ብቻ ያገኘ ግን ምንም አያገኝም፤ ይህን የሚያውቅ መሣሪያ ያለው ይጠቀምበት፣ የሌለው በመቀስ አይሞክረው።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። ዋሌቱ የሚከፈተው ብቻውን በተቀመጠ ሰው፣ በራሱ እጅ ነው፤ ቃላቱም በእስክሪብቶ በወረቀት ይጻፋሉ። ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ዋሌቱ ከስልኩ ላይ ተሰርዞ ከወረቀቱ በሚነበቡት ቃላት መልሶ ይከፈታል፤ ካልተከፈተ ስሕተቱ ያን ጊዜ ይታረማል። ይህን ሙከራ ያላደረገ ሰው የያዘው ቅጂ ሳይሆን ተስፋ ነው። ከዚያም ሁለተኛ ቅጂ ይጻፍና ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይውሉ ይደረጋል። የአሰላ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ ቆርቆሮ ያፈስሳል፣ ግድግዳ ላብ ያወጣል፣ አይጥ ሳጥን ይቆረጥማል፣ የምድጃ ጢስ ወረቀት ያጠቁራል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ በደረቅ ስፍራ መቀመጥ አለበት። ለማስገልበጥም ሆነ ላሜኔት ለማሠራት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት አይወሰድም። ብዙ ያለው ሰው ደግሞ ቃላቱን በማይዝግ ብረት ላይ ፊደል በተቀረጸባቸው የብረት መምቻዎች መትቶ ቢጽፋቸው የቤት ቃጠሎ አያጠፋቸውም፤ ይህ ብረት የሚቀልጠው ወደ 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በተጠጋ ሙቀት ሲሆን አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይፈስሳል። ብረቱን ከብረታ ብረት ቤት ያስቆርጠዋል፤ ቃላቱን የሚመታው ግን ራሱ ነው።

ሁለት ስፍራ የሚለውን ምክር ለሚያቃልል ሰው ከራሱ ከስንዴና ከገብስ ታሪክ ማስታወስ እንወዳለን። በደረቅ አካባቢዎች የሚበቅሉ ሰብሎችን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማዕከል፣ ኢካርዳ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱና የዘር ባንኩ በሶርያ በሐለብ ከተማ አጠገብ ነበር፤ የገብሱን፣ የስንዴውን፣ የምስሩንና የባቄላውን ዘር ቅጂም እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ ስቫልባርድ በተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ ማስቀመጥ ጀምሮ ነበር። ጦርነት መጥቶ ሠራተኞቹ ሐለብን ለመተው ሲገደዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከስቫልባርድ ቅጂውን አውጥተው በሊባኖስና በሞሮኮ ዘርተው አበዙት። ያ ዘር ዛሬ ያለው አስቀድሞ በሌላ አገር ቅጂ ስለ ነበረው ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን እርዳታ በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ያቋቋመችው በአንድ ማሳ ላይ የጠፋ ዝርያ ከምድር እንዳይጠፋ ነው። ከአሰላ በቅርብ ርቀት ባለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ሁሉ የሚያውቁት እውነት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ለተጻፉ 12 ቃላትም ያገለግላል።

አሁን ደግሞ ሰዎች ሊያነሱት ወደማይወዱት ነገር እንለፍ። ባለቤቱ ቢሞትስ? በቀደመው ዘመን ማርትሬዛ ብሩን በማሰሮ አድርጎ በጓሮው ቀብሮ ስፍራውን ለማንም ሳይናገር የሞተ ባለጠጋ ወሬ በየአካባቢው ይነገራል፤ ያ ብር ግን ቢያንስ ከምድር አልጠፋም፣ የልጅ ልጁ ሲያርስ ያገኘው ይሆናል። ቃላቱን ይዞ የሞተ ሰው ሀብት ግን በማረሻ አይገኝም። በጋብቻ ውስጥ በድካም የተገኘ ሀብት የጋራ ነውና ባል ዋሌት እንዳለው ሚስት፣ ሚስት እንዳላት ባል የማወቅ መብት አላቸው፤ መኖሩን ማወቅና ቃላቱን ማየት ግን አንድ አይደሉም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዝዛል፤ ስለዚህ ቃላቱን በኑዛዜ ላይ የጻፈ ሰው ለአራት ሰዎች አንብቦላቸዋል ማለት ነው። በኑዛዜው ላይ መጻፍ ያለበት ዋሌቱ መኖሩ፣ የታሸገው ፖስታ የተቀመጠበት ስፍራና ወራሹ ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ፖስታው በሚታሸግበት መስመር ላይ ባለቤቱ ይፈርምበታል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሄዶ ያየዋል፤ ፊርማው ተቆርጦ ካገኘው ገንዘቡን በዚያው ቀን ወደ አዲስ ዋሌት ያዛውራል። ውርሱ በመደበኛው ፍርድ ቤትም ይታይ በሸሪዓ፣ ዳኞች ሊያከፋፍሉ የሚችሉት የተገኘውን ብቻ ነው።

እስከዚህ የተናገርነው ለባለቤቱ ነው። ኃላፊነቱ በእርሱ ላይ ብቻ ያበቃል ብለን ግን አንፈርድም። አሰላ አዲስ ነገር ያለ አስተማሪ ሲመጣ ምን እንደሚሆን፣ ከአስተማሪ ጋር ሲመጣ ምን እንደሚሆን የምታውቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በመጋዘን አስቀምጦ «የፈለገ ይውሰድ» አላለም፤ ባለሙያው እርሻው ድረስ ሄዶ እያሳየ አስተማረ። የዲጂታል ገንዘብ ግን ወደዚህ ደጋ የመጣው ባለሙያ ሳይከተለው፣ በማስታወቂያና በወሬ ብቻ ነው። አገሪቱ ለማይኒንግ ኩባንያዎች ኃይል እየሸጠች፣ አገልግሎት ሰጪዎችን እየመዘገበች፣ ዜጋው ግን ቃላቱን እንዴት እንደሚጠብቅ በገዛ ቋንቋው የሚነግረው አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ ከኃላፊዎች እጅ ሊያገኝ ይገባው ነበር።

ስለዚህ ይህ ጋዜጣ አቋሙን እንዲህ ይገልጻል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን «አትክፈሉበት» የሚል ማሳሰቢያ አስቀድሞ በእጁ ያለውን ሰው ከሌባ አያድነውምና «የመመለሻ ቃላትህን ለማንም አትስጥ» የሚለው ትምህርት በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ሰዎች በሚሰሙት ሬድዮ እንዲነገር ማድረግ ይኖርበታል፤ እንዲህ ማድረግ ክሪፕቶን መፍቀድ ነው የሚል ስጋት ውኃ አይቋጥርም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የመዘገባቸው አገልግሎት ሰጪዎች የደንበኛን ቃላት መጠየቅ፣ ማየትና ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለባቸው መሆኑን በግልጽ ይደንግግ። የከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ለሞባይል ቤቶች ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ ይህንኑ ግዴታ ያስፈርም፤ ባለ ሱቆቹም ቢሆኑ ቃላቱ በሚታዩበት ሰዓት ስልኩን ለደንበኛው መልሰው ፊታቸውን ማዞር የሙያቸው ክብር መሆኑን ይወቁ። አርሲ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎችና መምህራን አሉት፤ ቅዳሜን ለዚህ ሥራ የሰጡ ጥቂት ተማሪዎች በአሰላ፣ በበቆጂና በኢተያ ገበያ የሚያስተምሩት ትምህርት ከብዙ መግለጫ ይበልጣል። የቃላቱን ዝርዝር በአገራችን ቋንቋዎች የማዘጋጀት ጥናትም ለዚሁ ተቋም የሚገባ ሥራ ነው።

በወጣቶቹ ላይ የምንፈርደው ፍርድ የቁጣ አይደለም። ያልተማሩትን አላወቁም፤ ከእንግዲህ ግን አልሰማንም ማለት አይቻልም። የመመለሻ ቃላቱ በስልኩ ፎቶ ውስጥ፣ በቴሌግራሙ ወይም በሌላ ሰው ደብተር ላይ ያሉበት ማንኛውም ሰው ያ ዋሌት ከእንግዲህ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ፤ ፎቶውን ማጥፋት አያድነውም፣ ያየውን ሰው ማስማልም አያድነውም። መፍትሔው አንድ ነው፦ አዲስ ዋሌት ለብቻ ሆኖ መክፈት፣ አዲሶቹን ቃላት በወረቀት መጻፍ፣ መልሶ በመክፈት መሞከር፣ ከዚያም ያለውን ሁሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ዛሬ ማታ እንዲሠራ እንጠይቃለን።